የአክስትሽ ልጅ ትርፍ ማውጣቱ ማስረጃ አይሆንም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአክስትሽ ልጅ በቀን 2 በመቶ የሚከፍል የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መተግበሪያ አሳይቶሽ፣ ሁለት ጊዜ ትርፉን ሲያወጣም በዓይንሽ አይተሽ፣ ያጠራቀምሽውን 500 ዶላር ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ ብለሻል። ይቅርብሽ። በዚሁ መንገድ ሄጄ ስለከሰርኩ ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምነግርሽ።

እኔን ያስገባኝ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ሌባ አልነበረም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ የከሰረው እሱ ነው። መጀመሪያ 100 ዶላር አስገባሁ። በሳምንቱ 15 ዶላር አውጣ አለኝ፣ አወጣሁ፣ እጄ ገባ። ጥርጣሬዬ ሁሉ የጠፋው በዚያች ቀን ነው። ያቺ 15 ዶላር ከራሴው 100 ላይ ተቆንጥራ እንደተሰጠችኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። 1,200 ጨመርኩ። ስልኩ ላይ ቁጥሩ በየቀኑ ያድጋል። ሁሉንም ላውጣ ስል ግን የመተግበሪያው ሰዎች «መጀመሪያ 20 በመቶ ግብር ክፈል» አሉኝ፤ ከፈልኩ። ቀጥለው «የማረጋገጫ ማስያዣ» ሲሉኝ ነቃሁ። እውነተኛ ክፍያ ቢሆን ካለኝ ሒሳብ ላይ ይቀንሱት ነበር እንጂ ከኪስህ አዲስ ገንዘብ አምጣ አይሉኝም።

እስቲ አስቢው፤ በቀን 2 በመቶ እየተደራረበ ቢሄድ 500 ዶላርሽ በዓመቱ ከ680,000 ዶላር ያልፋል። ይህን ማትረፍ የሚችል ሰው ያንቺን 500 ምን ያደርግለታል? ቢትኮኔክት የሚባለው የክሪፕቶ ማጭበርበሪያ በቀን 1 በመቶ ገደማ እያለ ሲያጓጓ ከርሞ በ2018 መጀመሪያ ላይ ወደቀ። ከቡልጋሪያ የተነሳው ዋንኮይን የተባለ ሌላ የክሪፕቶ ማጭበርበሪያ ደግሞ ከዓለም ዙሪያ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ፣ መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በ2017 ተሰወረች፤ ሲመረመር እውነተኛ ብሎክቼይን (ክሪፕቶ የሚመዘገብበት የጋራ ዲጂታል መዝገብ) እንኳ አልነበረውም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትንሽ አገር ላይ ነገሩ ይብሳል። ሁሉም ይተዋወቃል፤ ወሬውን ይዞልሽ የሚመጣው የሥጋ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ነው። እምቢ ስትዪው እሱን የጠረጠርሽው ይመስላል። ሰው ባስገባ ቁጥር ኮሚሽን ስለሚያገኝም ከልቡ አምኖ ይጎተጉትሻል። የከሰረው ደግሞ አፍሮ ዝም ይላል፤ እኔም ለአራት ወር ለማንም አልተናገርኩም፣ በዚያ መሀል ሁለት ጓደኞቼ ገብተው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፈቃድ ያለው የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት በሌለበት አገር ዩኤስዲቲውን (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘውን ክሪፕቶ) የምትገዢው ከግለሰብ ነው፤ አንዴ ወደ እነሱ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ከላክሽው ደግሞ መልሱልኝ ብለሽ የምትሄጂበት ባንክ የለም።

«በውጭ አገር የተመዘገበ ድርጅት ነው» ብለው የምስክር ወረቀት ያሳዩሽ ይሆናል። ድርጅት ማስመዝገብና የሕዝብ ገንዘብ ለመቀበል ፈቃድ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። እነሱ የላኩልሽን ሊንክ ትተሽ የዚያን አገር የገንዘብ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ራስሽ ክፈቺና ስማቸውን ፈልጊ። ብዙዎቹ ተቆጣጣሪዎች የማስጠንቀቂያ ዝርዝርም ያወጣሉ። እንደ ቁልፍ ሆነው ዋሌትሽን የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላት ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው መክሰሩን የሰሙ ሌሎች አጭበርባሪዎች ይመጣሉ። እኔን ሁለት ሰዎች «ቅድሚያ ከፍለህ ገንዘብህን እናስመልስልህ» ብለውኛል። እነዚህም ያው ናቸው።

የአክስትሽን ልጅ አትጣዪው፣ አትሳደቢውም። ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ጨምሮ ሁሉንም ዛሬውኑ እንዲያወጣ ለምኚው። ከወጣለት ዕድለኛ ነው፣ ተመልሶ አይግባ። ግብር ወይም ማስያዣ ከጠየቁት ግን አንድ ሳንቲም እንዳይጨምር አጠገቡ ሁኚ፤ መልእክቶቹንና የላከበትን የዋሌት አድራሻ ሳይጠፉ ፎቶ አንሱና ወደ ፖሊስ አብራችሁ ሂዱ።