ታስሬ ነበር ልበል ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። በ2009 ፒያሳ አካባቢ በተነሣ ጠብ ተይዤ፣ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አድሬ በዋስ ወጣሁ። ክስ አልተመሠረተብኝም። አሁን አሜሪካ ያለች እህቴን ልጠይቅ ቪዛ እያመለከትኩ ነው። ፎርም የሚሞላልኝ ልጅ «ከወንጀል ነፃ ወረቀት አለህ፣ እንደ ባለፈው ‹ኖ› እንላለን» አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙ፣ ዲኤስ-160፣ የሚጠይቀው ተፈርዶብዎት እንደሆነ ብቻ አይደለም። ተይዘው ያውቁ እንደሆነም ይጠይቃል፤ ምሕረት ቢደረግልዎትም እንኳ። ከወንጀል ነፃ ወረቀቱ ይህን አይሽረውም። ክስ ያልተመሠረተበት ተራ ጠብ ብዙ ጊዜ ብቻውን ቪዛ አያስከለክልም። ለቪዛ ብሎ ዋና ጉዳይን አውቆ መዋሸት ግን በአሜሪካ ሕግ የዕድሜ ልክ እገዳ ያመጣል። ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ቢቻልም ማግኘቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ «እንደ ባለፈው» ልምጣ። እንደ ቀላል ነገር አልፈውታል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን እሱ ነው። ከ2009 በኋላ አመልክተው «ኖ» ብለዋል ማለት ነው? እንዲህ ያለውን ለጠበቃ አይደብቁ እንጂ! ያ መልስ በስምዎ ተመዝግቦ ይገኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «እንግዲህ በያዝኩት ልቀጥል» ይላል። እባክዎ አይቀጥሉ። ሁለተኛው ውሸት የመጀመሪያውን «ተሳስቼ ነው» ብሎ ማስረዳትንም ያሳጣል።

«ልጁ ነው የሞላው» ማለትም አያድንም። ልጁ ገጹን እያወረደ «ኖ፣ ኖ» ይጫናል፣ ባለጉዳዩ ስልኩን ይነካካል። መጨረሻ ላይ የፓስፖርት ቁጥር ገብቶ ይፈረማል። ያ ፊርማ በሕግ የእርስዎ ነው። ፎርሙ «የረዳህ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅም «የለም» ይባላል። ይኼም ሌላ ውሸት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰነድ ይሰብስቡ። ከጣቢያው የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን፣ የዋስትናውን ወረቀት፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘግቶ ከሆነ ውሳኔውን ይጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ውስጥ ብዙ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ጠፍቷል። መዝገቡ ካልተገኘ «አልተገኘም» የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያጽፉ። ሁሉንም በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙ።

የባለፈውን ፎርም ቅጂም ከልጁ ይቀበሉ። ከዚያ የአሜሪካን ኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያ ድረስ አዲሱ ፎርም አይላክ።