ድምፁም ብርሃኑም ያስጨንቀኛል፤ በሽታ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሒሳብ ሠራተኛ። ከልጅነቴ ጀምሮ የልብስ ስፌት ይቆረቁረኛል። የታክሲ ዘፈንና የቢሮ መብራት ያደክመኛል፤ ማታ ማታ ሰው ሲነካኝ እቆጣለሁ። ቤተሰቦቼ «ቅብጠት ነው» ይላሉ። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ ቅብጠት አይደለም። ጆሮና ዐይን ጤነኛ ሆነው ሳለ፣ አንጎል ከሚደርሰው ስሜት የማያስፈልገውን መለየት ሲቸግረው እንዲህ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ «ሴንሶሪ ፕሮሰሲንግ ዲስኦርደር» ይሉታል። ሌላው ሰው ሸሚዙን ከለበሰ በኋላ ይረሳዋል፤ እርስዎን ግን ቀኑን ሙሉ ይሰማዎታል። ጫናው ሲጠራቀም ስለሚውል ማታ ይብሳል።

ሐሳቡን ያስፋፉት አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን ለማከናወን የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ጂን ኤርስ ናቸው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ እንጂ ራሱን ችሎ አልተመዘገበም። ስለዚህ ሐኪምዎ ስሙን ካርድዎ ላይ ባይጽፉት አይገረሙ። ይልቅ ማይግሬን፣ ጭንቀት፣ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) እና ኦቲዝም እንዲታዩልዎት ይጠይቁ። ጆሮዎንም ይመርመሩ፤ መስማት የቀነሰ ጆሮ፣ የሚገርመው፣ ጮክ ያለ ድምፅን አይችልም።

ለችግሩ ራሱ መድኃኒት የለም፤ ጭንቀት አብሮ ካለ ግን ይታከማል።

ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን፣ የረበሸዎትን ነገርና የእንቅልፍዎን መጠን ይመዝግቡ። እንቅልፍ ያጡበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል።

ለታክሲ ጥጥ ብዙም አይረዳም። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይግዙ፤ በጣትዎ አሽተው ያቅጥኑት፣ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፣ እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል ይያዙት። ብዙ ሰው ይህን ስለማይጠብቅ ይወልቅበታል። ጸጥ ባለ ቤት ግን አያድርጉት፤ ድምፅ የተነፈገ አንጎል የመስማት ኃይሉን ከፍ ስለሚያደርግ ሲያወልቁት ይብስብዎታል። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ማድረግም እንዲሁ ዐይን ብርሃንን ይበልጥ እንዳይችል ያደርጋል።

አሮጌ ባላስት (የመብራቱን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ ወደ መስኮት ይጠጉ ወይም መብራቱ እንዲቀየር ይጠይቁ። ደረጃ መውጣት፣ ዕቃ መሸከምና ግድግዳ መግፋት ብዙዎችን ያረጋጋል፤ ማስረጃው ገና ጠንካራ ባይሆንም ወጪ የለውምና ከሥራ በፊት 10 ደቂቃ ይሞክሩት። ቤተሰብዎም ከኋላ ድንገት እንዳይነኩዎት ይንገሯቸው፤ ጠበቅ ያለ እቅፍ ከለስላሳ ዳሰሳ ይሻላል።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ካገኙ ምዝገባዎን ይዘው ይሂዱ። እንዲህ ያለው ስሜት ከልጅነት ሳይሆን በድንገት የጀመረው ሰው ግን፣ በተለይ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።