ለጅብ የተጣለ መርዝ ጥንብ አንሳ ቢገድል ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። ጅብ ሌሊት በረት ገብቶ ሦስት በጎቼን ፈጀብኝ። ተናድጄ በተረፈው ሥጋ ላይ የተባይ መድኃኒት አድርጌ ወንዝ ዳር ጣልሁት። ጅቡ ይብላው አይብላው አላውቅም፤ በማግስቱ ግን ብዙ ጥንብ አንሳና የጎረቤቴ ውሻ ሞተው ተገኙ። አንዳንዱ «ጥንብ አንሳ በኦሪት ርኩስ የተባለ ወፍ ነው፣ ምን አለበት» ይለኛል። እኔ ግን እረፍት አጣሁ። ኃጢአት ነውን? ምንስ ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድማችን፣ እረፍት ማጣትዎ ተገቢ ነው። በግዎን ከአውሬ መከላከልዎ አይደለም ጥፋቱ፤ ዳዊትም የአባቱን መንጋ ሲጠብቅ አንበሳና ድብ ገድሏል (1ኛ ሳሙ. 17፥34-36)። ጥፋቱ ማንን እንደሚገድል የማያውቁትን ነገር ሜዳ ላይ ጥለው መሄድዎ ነው። ኦሪት ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን ይክፈል ትላለች (ዘጸ. 21፥33-34)። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጎረቤትዎ ይሂዱ። «ውሻህን የገደልሁት እኔ ነኝ» ብለው ይንገሩትና በካሳው ይስማሙ።

«ርኩስ» ስለተባለው፣ ዘሌዋውያን 11 የሚከለክለው መብላትን ነው፤ ግደሉት አይልም። ንጹሕ ያልሆኑት እንስሳትም በእግዚአብሔር ትእዛዝ መርከብ ገብተው ተርፈዋል። ለኤልያስ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጣለት ቁራም በዚያው ምዕራፍ ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥሯል።

አሁን ወደ ሥራው። የተረፈው ሥጋና የሞተው ወፍ ሁሉ ዛሬውኑ ይነሣ፤ የሞተው ጥንብ አንሳ ራሱ ለሚበላው መርዝ ነው። በባዶ እጅ አይንኩት፤ ድርብ ፌስታል እጅዎ ላይ አጥልቀው በአካፋ ያንሡ። ከወንዝና ከምንጭ ርቆ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆፍረው ይቅበሩ፤ ሥጋው ያረፈበትን ሣርና አፈርም ጠርገው አብረው ይክተቱ። ውሻና ጅብ ፈልፍሎ እንዳያወጣው ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። ወንዝ ውስጥ መጣልማ ጥፋቱን ለታችኛው አገር ማውረድ ነው። የተረፈውን መድኃኒት ከነዕቃው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያስረክቡ፤ ጄሪካኑ ታጥቦ ውኃ እንዳይቀዳበት። የወፉን ላባ ወይም ጭንቅላት «ለመድኃኒት» የሚፈልግ ቢመጣም አይስጡ። ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ መሆኑ ሳያንስ ሥጋው የተመረዘ ነው።

በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ወፍ የሞተው ጥንብ አንሳ ምግቡን በዓይኑ ስለሚፈልግ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ከሩቅ አይተው ይከተሉታል፤ አንድ የተመረዘ በግ የሰፊ አገር ወፍ ይሰበስባል። መተካቱም ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላሉ፣ ጫጩቱም አድጎ እስኪራባ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። በአገራችን ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዓይነቶች አራቱ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወፎች ተመድበዋል። ሕንድ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ስለነበር ጥንቡን የበሉት ወፎች አለቁ፤ ጥንቡ ለውሻ ቀረ፣ ውሻውም በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ። ይህ መድኃኒት በእኛም ፋርማሲ ለሰው ይሸጣልና ለታመመ በሬ ገዝተው አይስጡ።

ጎጆውም ይታሰብ። ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ ረጅም ዛፍ ላይ ይሠራሉ፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ያረጀ ዛፍ የቀረው ባብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ሰበካ ጉባኤው «ደረቀ» ብሎ ዛፍ ከመቁረጡ በፊት አናቱን ይመልከት።

ለጅቡ መፍትሔው በረቱ ነው። ጅብ የሚገባው በደካማ በር ወይም ከአጥር ሥር ፈልፍሎ ነው። ካቡን ሰው በሚያህል ከፍታ ይሥሩ፤ ከሥር ትልልቁን ድንጋይ መሬት ውስጥ ይቅበሩ፣ ከላይ የአጋም ወይም የቀጋ እሾህ ወደ ውጭ ያዘንብሉ። በሩ ከጣውላ ይሁን፣ ከሥሩም ክፍተት አይኑረው። የሞተ ከብት ማታ ከመንደር አጠገብ የሚጥል ሰው ጅብ ይጠራል። ከመንደር አርቆ በጠዋት ቢወጣ ጥንብ አንሳ ቀን በቀን ይጨርሰዋል። በድንገት ሞቶ በአፍንጫው ወይም በአፉ ደም የወጣው ከብት ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ሳይገፈፍ፣ ሳይበለት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ቀኖናውን የሚሰጡዎት የንስሐ አባትዎ ናቸው። እኔ ከሩቅ ሆኜ ይህን ያህል ይስገዱ፣ ይህን ያህል ይጹሙ አልልዎትም።