ደብተሩ መጋዘን ከገባ አለቀለት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ጣና ዳር ላለ አንድ ትምህርት ቤት ለ300 ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ልንወስድ ነው፤ ለማን እናስረክብ?» ብለሻል። «ወረዳ ሂጂ፣ እነሱ ያከፋፍሉልሻል» ያሉሽ ሰዎች አሉ። እኔም በ2011 ዓ.ም. እንዲሁ ተብዬ ሄጄ ነው ጉድ የሆንኩት። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አገሬ ነው ብዬ ተማምኜ።

1ኛ. ከአዲስ አበባ ጭነሽ አትምጪ። መርካቶ ይረክሳል ትያለሽ። እኛም እንዲሁ ብለን 150 ደርዘን ገዛን፤ ለ300 ልጅ ስድስት ስድስት መሆኑ ነው። አውቶቡስ ላይ ለማስጫን ከፈልን። ባሕር ዳር ስንደርስ ጫኝና አውራጆቹ «በካርቶን ነው የምናስከፍለው» አሉ። የእርዳታ ነው ብንል «እኛም ልጆች አሉን» አሉን። መልስ አጣን። ከዚያ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ደግሞ ጀልባ። መርካቶ ያተረፍነው ገንዘብ መንገድ ላይ አለቀ። ባሕር ዳር ውስጥ በጅምላ የሚሸጡ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ሞልተዋል። ሐምሌ ላይ ግዢ፤ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ዋጋው ሌላ ነው።

2ኛ. ይሄን በደንብ አንብቢ። የእኛ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው።

ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድን። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በሁለተኛው ቀን አንድ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ደብዳቤ» አለ።

«የማን ደብዳቤ?»

«የድርጅታችሁ።»

«ድርጅት የለንም፤ ጓደኛሞች ነን።»

«ታዲያ ማን ብለን እንቀበላችሁ?»

በራሳችን ገንዘብ፣ በራሳችን ላብ ተሸክመን አምጥተን እንደ ተከሳሽ በር ላይ ቆመን! ወረቀት ገዝተን፣ ኮምፒውተር ቤት አስጽፈን፣ ስማችንን ደርድረን ፈርመን ሰጠን። በሦስተኛው ቀን ንብረት ክፍሉ ተቀበለን። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ አልዋሽም። እያንዳንዱን ደርዘን ቆጥሮ ሞዴል 19 ቆረጠልን። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ! ደረሰኙን ይዘን ፎቶ ተነሳን፤ ላዋጡት ሁሉ ላክን። «ለትምህርት ቤቱ በዚህ ሳምንት ይደርሳል» ተባልን። አመስግነን ተመለስን።

ኅዳር ላይ እዚያ የሚያስተምር የልጅነት ጓደኛዬን ደውዬ «ልጆቹ ደብተሩን እንዴት አገኙት?» አልኩት። «የምን ደብተር?» አለኝ።

ለካ ሞዴል 19 ማለት ገቢ ማለት ነው። አንዴ ገቢ ከሆነ የመንግሥት ንብረት ነው። ያለ ሞዴል 22 አንዲት እርሳስ አትወጣም። ሞዴል 22 ደግሞ ጠያቂ፣ ፈቃጅና ተረካቢ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ደብተር መምጣቱን አያውቅምና አልጠየቀም። ፈቃጁ አንዴ ሥልጠና፣ አንዴ ዘመቻ ላይ ነበሩ። የሰረቀ ሰው የለም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሌባ ቢሆን እከሰው ነበር።

ደብተሩ የወጣው ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር ነው። የታችኛውን ካርቶን ምስጥ በልቶታል። ልጆቹ ያን ሁሉ ወራት የታላላቆቻቸውን አሮጌ ደብተር ያልተጻፈበትን ቅጠል እየገነጠሉ፣ በክር እየሰፉ ሲጽፉ ከረሙ።

ስለዚህ ደረሰኝ አትቀበይ እያልኩሽ አይደለም። ተቀበይ፤ ግን በትምህርት ቤቱ ስም፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ። ወረዳውን በግልባጭ አሳውቂ፣ ይበቃል። አስቀድመሽ ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ጋር ተነጋገሪ። ገቢውም ወጪውም በዚያው ቀን ይሠራ፤ ስም ዝርዝሩ ላይ ወላጅ ይፈርም። በ2012 መስከረም እንዲህ አድርገን በአንድ ጠዋት ጨረስን። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሞዴል ምናምን እያልኩ ስጨነቅ «ልጄ፣ ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን፤ አንተ ጀልባው ሳይሄድብህ ደብተሩን አውርድ» አሉኝ። ምነው ዓምና ባገኘኋቸው!

ጀልባ ካልኩ አይቀር፣ ጠዋት ተነሺ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ማዕበሉ ካርቶን ያረጥባል። በላስቲክ ጠቅልይው።

3ኛ. ምን እንደምትገዢ መምህራኑን ጠይቂ። እኛ 600 እስክሪብቶ ይዘን ሄደን አንዲት መምህርት «የአንደኛ ክፍል ልጅ በእስክሪብቶ ምን ይሠራል?» አለችን። እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ አንድም አልያዝንም። ለሒሳብ ካሬ ደብተር ያስፈልጋል። ከፍ ላሉት ሴቶች ሞዴስ ጨምሪ። ይሄን ወንዶቹ ጓደኞቼ ለመግዛት አፍረው እኔ ነኝ የገዛሁት፤ ባለሱቁ እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

4ኛ... ይሄ ምክር አይደለም፣ ጸጸት ነው። በ2012ቱ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ስም እየተጠራ «የተቸገሩ ልጆች ይውጡ» ተባለ። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ለፎቶ ይመቻል ብዬ። አንዲት ልጅ ስሟ ሦስቴ ተጠርቶ አልወጣችም። ጓደኞቿ ይገፏታል፣ እሷ መሬት መሬት ታያለች። በኋላ መምህሯ ቢሮ ጠርታ ብትሰጣትም አልወስድም አለች። ደብተር የሌላት ልጅ ናት እኮ! አሁን የምናደርገው ሙሉ ክፍል መርጠን ለሁሉም እኩል መስጠት ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ክፍሉን እንቀንሳለን እንጂ ልጅ አንመርጥም። ፎቶም ካርቶኑን ብቻ ነው የምናነሳው።

ሌላው፣ ከመግዛትሽ በፊት ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ እያስተማረ መሆኑንና መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላሉ ሰዎች ደውለሽ አጣሪ። ካላስተማረ ገንዘቡን ያዢው፤ ደብተር ገዝተሽ አታስቀምጪ።

መቼ ነው የምትሄጂው? ጳጉሜን ከሆነ እኔም ባሕር ዳር ነኝ። ካርቶን ተሸክሜ አግዝሻለሁ። ለጫኝና አውራጅ ግን አልከፍልም።