«እስካሁን ምን ደረሰብን?» ለሚል አለቃ የሳይበር ደኅንነት በጀት ማቅረብ

ጠያቂያችን የሳይበር ደኅንነት በጀት ባቀረቡ ቁጥር ሥራ አስኪያጅዎ «እስካሁን ምን ደረሰብን?» ብለው እንደሚመልሱብዎ ጽፈዋል። እኔም በአንድ የሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት የአይቲ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ በዚሁ ጥያቄ ሁለት ዓመት በተከታታይ በጀቴ ውድቅ ተደርጎብኛል። ጥፋቱ ግን የአለቆቼ ብቻ አልነበረም፤ ያቀረብኩት ሰነድ ስለ ፋየርዎል (ኔትወርክን ከውጭ ሰርጎ ገብ የሚከላከል ሥርዓት) እና ስለ ቫይረስ ዓይነቶች ገጽ በገጽ ሲያብራራ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚያጣ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም።

በሦስተኛው ዓመት ብዕር ከማንሳቴ በፊት ወደ ፋይናንስ ኃላፊዋ ሄጄ የሽያጭ ሲስተሙ አንድ ቀን ቢቆም ስንት ብር እንደምናጣ ጠየቅኋቸው። ሳይቆረጥ የሚቀረውን ደረሰኝ፣ መጋዘን በር ላይ ቆመው የሚውሉትን መኪናዎች ኪራይና ሥራ ፈትቶ የሚውለውን ሠራተኛ ደመወዝ እሳቸው ራሳቸው አሰሉት፤ በኋላም ቦርዱ ፊት ቁጥሩን የተከራከሩለት እኔ ሳልሆን እሳቸው ነበሩ። እኔ የጨመርኩት ሲስተሙን ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ብቻ ነው፤ እሱንም በግምት ከመጻፍ ይልቅ አንድ ቅዳሜ በትርፍ ሰርቨር ላይ ሞከርኩት። ሲስተሙ የሚመለስበት የመረጃችን መጠባበቂያ ቅጂ ለወራት ሳይሟላ ሲቀመጥ እንደኖረ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የራሴን ክፍል ጉድ ማቅረቡ ቢያሳፍረኝም፣ ቦርዱን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ይኸው የሙከራ ውጤት ነበር።

ለአለቃዎ ጥያቄም ከራስዎ መሥሪያ ቤት መልስ አያጡም። እኔ የዓመቱን ጥቃቅን ክስተቶች ስለቅም «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል በአቅራቢ ስም የተላከ የሐሰት ኢሜይልና የተሰረቀ ላፕቶፕ አግኝቻለሁ።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ የሻጮች አስፈሪ አኃዝ ሲበዛ ሰሚውን ያሰለቻል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው፣ ኮምፒውተሮችን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ የሳይበር ጥቃት የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን መትቶ እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኪሳራ አድርሶበታል። የኩባንያው ኔትወርክ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የተመዘገቡበትን ዋና መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች ሲጠፉ አንዱ ቅጂ የተረፈው፣ በጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ተቋርጦ ስለነበር ነው። የቦርድ አባሎቻችን መብራት መጥፋት ሲያተርፍ የሰሙት ያኔ ነበርና ሳቁ፤ ከኔትወርክ ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ዳግመኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ሳይሆን ዋጋቸው የተለያየ ሦስት አማራጮች አቀረብኩ፤ በእያንዳንዱም ሥር ሳይሸፈን የሚቀረውን አደጋ ጻፍኩ። ምንም ካልተፈቀደ ደግሞ አደጋውን የተቀበለው ኃላፊ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ በአክብሮት ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጃችን ሰነዱን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ መካከለኛውን አማራጭ አጸደቁ፤ የቀረው ለቀጣዩ በጀት ዓመት ተላለፈ።