ዘጌ ጫካ ከእናት ጋር ይኬዳል ወይ? (መልስ)

«እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ዘጌ ጫካ ውስጥ መሄድ ትችል ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ትችላለች እህቴ። ዘጌ ጣና ሐይቅ ላይ ያለ ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያለው የእግር መንገድ አጭር ነው፣ ቀስ ብላችሁ ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ትንሽ ዳገት አለው፣ ድንጋይም ይበዛዋል። ምርኩዝ ትያዝ፣ ነጠላ ጫማ ግን በፍጹም እንዳታደርግ።

እባክሽ ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ጫካውን ራሱን እዩት። ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ መሀል መሀሉን ደግሞ ጌሾ። ዘጌ ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ከድሮ ጀምሮ በልማድ የተከለከለ ነው፤ ሰዉ ይህን የዘጌን ገዳም መሠረቱ ከሚባሉት ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ጋር ያያይዘዋል፣ እኔ በበኩሌ ከየትኛውም አጥር የበለጠ ጥበቃ ነው እላለሁ። የወደቀው ቅጠል የበሰበሰበትን አፈር ጫር አድርገሽ እዪው፣ ጥቁርና እርጥብ ነው። ቡናው የሚያድገው በዚህ ነው። ቀይ ፍሬ ብታዪ ግን አትቁረጪ፣ ባለቤት አለው፣ የአንድ ቤተሰብ ገቢ ነው። ጦጣዎቹንም ምግብ አትስጧቸው።

ኡራ ለሴቶችም ክፍት ነው፣ በሐይቁ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አይገባም። ነጠላ ልበሱ። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ዝርዝር ብር ያዙ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ሊነሳ ስለሚችል ጠዋት በጊዜ ውጡ።