«የትጥቅ ጥቃት» ወይስ «የጦር ጥቃት»?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምማር የሕግ ተማሪ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 መንግሥታት ራሳቸውን የመከላከል መብት የሚያገኙት «የትጥቅ ጥቃት» (በእንግሊዝኛው armed attack) ሲደርስባቸው ነው ይላል። ጥቃቱ በኮምፒውተር ተልኮ ፋብሪካ ቢያወድም፣ አንድም የታጠቀ ሰው ሳይኖር «የትጥቅ» ይባላል?

መልስ፦ ይህ ቃል ዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነውና ጥያቄዎን በደስታ ተቀብየዋለሁ። በሕጉ በኩል መሣሪያው አያከራክርም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ኑክሌር መሣሪያ በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ቻርተሩ ስለ ኃይል የደነገገው በማናቸውም መሣሪያ ለሚፈጸም ድርጊት እንደሚሠራ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ ደግሞ የአንቀጽ 51ን ጥቃት ከተራ የድንበር ግጭት የለየው በመጠኑና ባስከተለው ውጤት ነው።

ተማሪውን የሚያደናግረው እንግዲህ ቃሉ ነው። «ታጠቀ» የግእዙ «ዐጠቀ» ነው፤ ወገብን ማሰር። መታጠቂያ፣ ትጥቅ፣ አስታጠቀ፣ አንዳቸውም ከወገብ አይርቁም። የቋራው ካሣ በፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ሲባሉ ሰሚው የሚያየው ጎራዴና የታሰረ ወገብ ነው። «ሥሩ ተረስቷል፤ ትጥቅ ዛሬ መሣሪያ ሁሉ ነው» የሚሉ አሉ። ቢረሳማ ኖሮ እርስዎ «የታጠቀው ሰው የታለ?» ብለው ባልጠየቁ!

እኔ «የጦር ጥቃት» እላለሁ። ጦርም ብረትና ሶማያ (የጦሩ ዘንግ) ነበር ይሉኛል፤ እውነት ነው። ግን «ጦር መጣ» ስንል ሠራዊቱን፣ «ጦርነት» ስንል ነገሩን ሁሉ ማለታችን ከሆነ ቆይቷል። ደግሞም ትጥቅ ከባለቤቱ ወገብ ላይ ይቀራል፤ ጦር ግን ከእጅ ወጥቶ ርቆ ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው ስታክስኔት የተባለ ጎጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም በኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ሴንትሪፊውጆችን ፍጥነት እያዛባ ሲሰባብር፣ ላኪው በቦታው አልነበረም። ይህ ከወርዋሪ እንጂ ከታጣቂ ጋር አይመሳሰልም።

አንድ ነገር ግን አይቀላቅሉ። አንቀጽ 2(4) የሚከለክለው «ኃይል መጠቀም» እና የአንቀጽ 51 ጥቃት ልክ አንድ አይደሉም። ዓለም አቀፍ ሕግ በኮምፒውተር ጥቃት ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራውን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የታሊን መመሪያ ያዘጋጁት ባለሙያዎች ስታክስኔት ኃይል መጠቀም መሆኑን በአንድ ድምፅ ተስማሙ፤ የአንቀጽ 51ን ደረጃ ደርሷል በሚለው ግን ተለያዩ። ስለዚህ «የኃይል ጥቃት» የሚለውን ድብልቅ ይተዉት። መብራት በተቋረጠ ጊዜማ የኤሌክትሪኩ ኃይል ይመስላል።

«የትጥቅ ትግል» እና «ትጥቅ መፍታት» ሥር ሰደዋል፤ «የትጥቅ ጥቃት»ም በክፍል ውስጥ እንደ ገነነ አምኛለሁ፣ ባይዋጥልኝም። ለፈተና እሱኑ ይጻፉ። በራስዎ ጽሑፍ ግን «የጦር ጥቃት» ቢሉ ቃሉ ጦሩ የት እንደወደቀ እንጂ ማን እንደታጠቀ አያስጠይቅዎትም።